ማድጋ የተደፋበት አበባ

የምንኖረው ከከሚሴ በላይ፣ የጠጠሩ መንገድ ወደ ደጋው በሚወጣበት በኩል ነው። ከታች ሰዉ በሸሚዝ ባጃጅ ላይ ተጨናንቆ ሲሄድ፣ እኛ ጋ ጋቢ ሳይደርብ ደጅ የሚወጣ የለም። ከኅዳር ጀምሮ ጥር እስኪያልቅ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነው የሚያድረው። ስለ ውርጭ ማንም ባያስረዳኝ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርኩት እዚሁ ነው፤ ጣቴ ጠመኔ አልይዝ እያለኝ እጄን ብብቴ ውስጥ ወትፌ ስንት ጠዋት እንዳስተማርኩ አላህ ያውቃል።

የማወራው ግን ስለ አበባ ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ይስቁ ይሆናል፤ ድሮም ስቀዋል።

ልጄ ገና ተማሪ ሳለች ከሚሴ አክስቷ ጋ ከርማ ስትመለስ በፌስታል ሽንኩርት ይዛ መጣች። ሽንኩርት ነው ያልነው እኛ ነን። እናቷ አንዱን ራስ ልጣ ልትከትፈው ቢላ ስታነሣ ልጅቷ ከደጅ እየሮጠች ገብታ ቀማቻት።

«አበባ ነው እማ፣ አይበላም፤ ያሳምማል።»

ሚስቴ ራሱን እያገላበጠች አየችውና «ካልተበላ ታዲያ ሽንኩርት መምሰሉ ምን አስፈለገው?» አለች።

እኔም አዋቂ ነኝና ተከላውን በእጄ አስገባሁ። የከሚሴ ሰዎች እንደሚተክሉት ተከልኩት፤ ግማሹን ከአፈር በላይ አስቀርቼ፣ አንገቱን ፀሐይ እንዲመታው አድርጌ። ከታች እንዲያ ነው የሚተከለው፤ ጠልቆ ከገባ ሙቀትና እርጥበት ተጋግዘው ያበሰብሱታል። አክስቷ ጓሮ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ዞር ብሎ የሚያየው ሳይኖር በየዓመቱ ያብባል። ልጄ ከኋላዬ ቆማ «እዚህ ይበርደዋል አባ፣ እንደሱ አይሆንም» ስትለኝ «አንቺ ደግሞ ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት።

በኅዳር አንድ ጠዋት ስንነሣ ራሶቹ ውሃ ሆነው አገኘናቸው። ሲነኳቸው እንደተቀቀለ ሽንኩርት ይፈርሳሉ። የተረፉት አጥሩ ሥር፣ አፈሩ ልል በሆነበት ቦታ ሳላስበው ጠልቀው የገቡት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ልጄ የፈረሱትን ለቅማ ጣለቻቸው። ፊቷ ግን ይስቅ ነበር፤ እሱ ከስድብ ይብሳል።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የእሷ ሆነ። ራሶቹን ስንዝር ያህል አጥልቃ ቀበረቻቸው። ጥቅምት ሲያልቅ ቅጠላቸውን ከአፈሩ እኩል ቆረጠች፤ በላያቸው አመድ ነሰነሰች፤ በአመዱ ላይ ጭድ አለበሰች፤ በጭዱ ላይ ደግሞ የእናቷን ማድጋዎች ደፋችባቸው። ቢጫው ጀሪካን ከመጣ ወዲህ በማድጋ ውሃ የሚቀዳ የለም፤ አፋቸው የተሸረፈ፣ ጆሯቸው የወለቀ ማድጋዎች ከቤት ኋላ ተከምረው ነበር። ሚስቴ «የእናቴን ማድጋ ለሽንኩርት ቆብ አደረግሽው» እያለች አጉረመረመች። ይሁን እንጂ አቧራቸውን እየጠረገች ያቀበለቻት ራሷ ናት።

ዋናው ጥበብ ግን መሸፈኑ አልነበረም፣ መክፈቱ ነው። የካቲት ገባ፣ ፀሐዩ ከረረ፣ ውርጩ አለቀ ብለው ማድጋውን ሲያነሡት ቡቃያው ብርሃን አይቶ ይነሣል። ያን ጊዜ ውርጩ አንድ ቀን ተመልሶ ይመጣና ያቃጥለዋል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ከሥር ይኑር ይሙት ሳላይ መቀመጥ አልችልም። አንድ ዓመት ተደብቄ አንዱን ማድጋ አነሣሁና ጭዱን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ደህና ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሞተ። ልጄ አመዱ ላይ የቀረውን የጣቴን ምልክት አይታ የማን ሥራ እንደሆነ ወዲያው አወቀች።

«ከእንግዲህ ደርሷል ሳልልህ እንዳትነካ አባ» አለችኝ። እኔ መምህሩ እንደ ተማሪ ቆሜ እሺ አልኩ።

እሷ በምን እንደምታውቅ አስረድታኝ አታውቅም። በየጠዋቱ ወጥታ መዳፏን ማድጋው ላይ ታሳርፋለች። ከዚያ አንድ ቀን «በል ዛሬ» ትላለች፤ አብረን እናነሣቸዋለን። ዘንጉ ቅጠል ሳያስቀድም ብቻውን ይወጣና ጫፉ ላይ መዳፍ የሚያክል ቀይ አበባ ይከፍታል። ያን ሰሞን ከመስጊድ የሚመለስ ሁሉ አጥራችን ጋ ይቆማል።

«መምህር፣ ይሄ ነገር ይበላል?»

አይበላም።

«ለመድኃኒት ነው?»

አይደለም።

«ታዲያ?»

ታዲያ ምን ልበል? «የከሚሴ ሽንኩርት» የሚል ስም አወጡለት፤ ለእኔም «ባለ ሽንኩርቱ» የሚል ተጨመረልኝ። ልጄ ስልኳ ላይ ፈልጋ አማሪሊስ እንደሚባል አሳየችኝ። ብርድ ባለበት አገር ሰዎች ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሥር ነው የሚያሳድጉት አሉ። «እኛ ግን ውጭ ነው የምናሳድረው» ብላ ኮራች። እኔም ከእሷ በላይ ኮራሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አላለፈላትም። ከክፍሏስ ያለፈ ማን ነበረና። ቤት ተቀመጠች። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ዓረብ አገር ሄዱ። በኛ ቀበሌ ሴት ልጅ ያልሄደችበትን ቤት መቁጠር ነው የሚቀለው። ቪዛ ያገኘችው በአውሮፕላን፣ ያላገኘችው ደላላ ተከትላ በአፋር በረሃ በእግሯ፣ ከዚያም በባሕር። እኔ መስጊዱ በር ላይ ቆሜ «የኔ ልጅ አትሄድም» እያልኩ አወራ ነበር። ሰዎቹ «ማሻአላህ» ይሉኛል። ምን ይበሉኝ?

ያን ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማድጋዎቹን እንደወትሮዋ ደፋቻቸው። በማግሥቱ አክስቴ ጋ ልሰንብት ብላ ተነሣች። እናቷን አቅፋ ስትቆይ ሚስቴ «ከሚሴ ለመውረድ ይሄ ሁሉ?» ብላ ሳቀችባት። ልጄ ወደ እኔ ዞረችና «ደውዬ እስክነግርህ እንዳትከፍት እሺ» አለችኝ። «እስከ የካቲት እዚያው ልትከርሚ ነው እንዴ?» አልኳት። «ማን ያውቃል» አለች። ሚኒባሱ ላይ ስትወጣ እጇን አውለበለበች፤ እኔ ከሹፌሩ ጋ ስለ መንገዱ እያወራሁ ነበር።

አክስቷ ቤት አልደረሰችም።

ብዙ ቆይታ በማናውቀው ቁጥር ደወለች። የነፋስ ድምፅ ይሰማል። ባሕሩ ዳር ደርሰናል፣ ተራ እየጠበቅን ነው አለችን። እናቷ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። እኔ ተቀብዬ መጮህ ጀመርኩ፤ ተመለሽ አልኳት፣ እመጣና እወስድሻለሁ አልኳት፣ የማልሆነውን ሁሉ ሆንኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አባ ኮ፣ አባቴ፣ አትቆጣ» አለችኝ። «ውርጩ ጀመረ?»

«ጀምሯል።»

«ማድጋዎቹን እንዳትነካ። ከዚያ ሆኜ እደውልልሃለሁ፣ ያኔ ትከፍታለህ። ኢንሻአላህ በል።»

ኢንሻአላህ አልኩ። ስልኩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።

በመጀመሪያ ኔትወርክ ነው አልን። ቀጥሎ ስልኳን ቀምተዋት ይሆናል አልን፤ እንደሚቀሙ ሰምተናል። ሰንበቴ ከተማ በገበያው ቀን ወረድኩ። ግመል ነድተው የሚመጡት አፋሮች ያንን በረሃ ያውቁታል። በስልኬ ፎቶዋን እያሳየሁ በከብቱ መሀል ዞርኩ። አንድ ሽማግሌ ስልኩን ተቀብሎ፣ ከፀሐዩ በእጁ ጋርዶ፣ ብዙ አየው። ከዚያ መለሰልኝና «ብዙ ናቸው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውሃ አምጥቶ አጠጣኝ።

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ አብራት የሄደች የከሚሴ ልጅ ተመለሰች የሚል ወሬ ደረሰን። ወዲያው ወረድኩ። ልጅቷን በእናቷ ሱቅ ውስጥ የዱቄት ኬሻ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እኛ መንደር ሳሉ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ስታየኝ ልትነሣ ሞከረች፤ እግሯ እሺ አላላትም። ጀልባው ተገለበጠ አለች። ጨለማ ነበር፤ ዋና የሚችል አልነበረም፤ እሷን ዓሣ አጥማጆች አወጧት።

«ልጄስ?» አልኳት።

«ሂን አርጊኔ መምህር፣ አላየኋትም። ወላሂ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።»

«ስትሞት አላየሽም ማለት ነው?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው አልሞተችም።»

ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ ወደ ሚዛኑ ዞራ የተመዘነውን ዱቄት እንደገና መመዘን ያዘች።

ቤት ስደርስ የሰማሁትን ለሚስቴ ነገርኳት፤ የራሴንም «አልሞተችም» ጨምሬ። አልጮኸችም። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና «እንግዲህ እንቀመጥላት» አለች። ለቅሶ እንቀመጥ ማለቷ ነው።

«የምን መቀመጥ? ማን አየና?» አልኳት።

በእኛ አገር ለቅሶ የሚያስቀምጠው ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር ነው። መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሰው የሚጠራው ቅሬው ነው። ሬሳ በሌለበት ደግሞ ቅሬው የአባወራውን ቃል ሳይሰማ አይነሣም። ከዚያ በፊት እናት ድምፅ አውጥታ ብታለቅስ ሟርት ነው፤ በሕይወት ባለ ልጅ ላይ ሞት መጥራት ነው። ስለዚህ እኔ ቃሌን እስክሰጥ ድረስ ሚስቴ በገዛ ቤቷ ማልቀስ አትችልም ነበር። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ቃሉን ከሰጠሁ ልጄን የገደልኳት እኔ የምሆን መሰለኝ።

ጥቂት ሰንብቶ የቅሬው ዳኛ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። «አካም ቡልቴ መምህር፣ እንዴት አደርክ» ብለው ተቀመጡ፤ ስለ ከብቱና ስለ ብርዱ ካወሩ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ውሃ የበላው ሸሂድ ነው፣ ሰማዕት ነው። ሶላት እንስገድላት፣ ዱዓ እናድርግላት። እናቲቱም ይውጣላት።»

«ካልሞተችስ?»

«ካልሞተችማ ዱዓው ለሕይወቷ ይሆናል፤ አላህ ያውቅበታል። ምን ይጎዳል?»

«ለቅሶ የተቀመጥኩባት ልጅ ነገ ብትደውል ምን ልላት ነው?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ አለ። «ማድጋዎቹን ክፈት ብላ ትደውላለች። ነግራኛለች። ሳትደውል የሚከፈት ነገር የለም።»

ዳኛው በበሩ በኩል ወደ ተደፉት ማድጋዎች አዩ። ባለ ሽንኩርቱ የሚለውን ስም ያወጡልኝ እርሳቸው ናቸው፤ ያን ዕለት ግን አልሳቁም። «አላህ ልብህን ያርጋው» ብለው ተነሡ።

ሲወጡ ሚስቴ በሩን ዘጋችና «እንግዲህ ማድጋህን ጠብቅ» አለችኝ።

«ከፈለግሽ አንቺ ክፈቺው። ማድጋው የእናትሽ ነው።»

«የነገረችው ለእኔ አይደለም» አለች።

የካቲት አለቀ። መጋቢት ላይ በልጉ ዘነበ። ዝናቡ ማድጋዎቹን ሲመታ ድምፁ ቤት ድረስ ይሰማል፤ እኔና ሚስቴ እሱን እየሰማን እንቀመጣለን። አክስቷ ጓሮ ያለው አብቦ ረገፈ አሉን። እኔ በየጠዋቱ ወጥቼ እንደ እሷ መዳፌን አሳርፋለሁ። ሸክላ ነው፤ አንዳንዴ ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዴ ይሞቃል፣ ሌላ ምንም አላገኘሁበትም። ስልኬን ከኪሴ አልለይም። ሶላት ላይ እንኳ ድምፁን አላጠፋም፤ ኢማሙ በዚህ ተቆጥተውኛል። እፈራ ነበር። ከፍቼ በስብሶ ባገኘው ፈራሁ፤ ደህና ሆኖ ባገኘውም፣ ሳትደውል ከፈትኩት ማለት ነውና እሱንም ፈራሁ። ያ ሁሉ ዓመት ገልጬ ካላየሁ ስል የኖርኩ ሰውዬ፣ አሁን ማየቱን ጠላሁት።

ሚያዝያ ላይ ከወንዙ ማዶ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ዕድሜ የጠገቡ፣ እኛ ቤት እግራቸውን አንሥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሚስቴ ማልዳ ሄደች። አልገረመኝም፤ ከጥር ወዲህ የሚቀራት ለቅሶ የለም፤ ለማታውቀው ሰው ጨፋ ሮቢት ድረስ ትወርዳለች። ጎረቤቶቻችን «ሚስትህ ደግ ናት፣ የሰው ሐዘን አይቀራትም» ይሉኛል። እኔም ነገሩ ይኸው ይመስለኝ ነበር።

ከቀብር ተመልሰን ወንዶቹ ድንኳኑ ሥር ተቀመጥን። ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። የሟቹ ልጆች እንኳ ዝም ብለዋል።

«ልጄ፣ ገላሽን ሳላጥብሽ» ይላል ድምፁ። «አፈርሽን ሳላይ፣ የኔ ልጅ።»

የሚስቴ ድምፅ ነው። በዚያ ቤት የሞተው የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነው።

አጠገቤ ያሉት ሰዎች መሬት መሬቱን ያያሉ። ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ሁሉም ያውቁ እንደነበር ያኔ ገባኝ። በሴቶቹ መሀል የሟቹ ትልቋ ልጅ ሚስቴን ከኋላዋ ደግፋ ይዛታለች፤ በገዛ አባቷ ለቅሶ ቦታ ለቃላታለች። ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ሚስቴ ቤቷ ቢዘጋባት በየሰው ቤት እየዞረች ነው ልጇን ስታለቅስ የከረመችው።

ቀድሜያት ቤት ገብቼ ጠበቅኋት። ስትመጣ ዓይኗ አብጧል። «ነይ» አልኳትና ወደ ጓሮ መራኋት። ወዴት እንደምንሄድ ሲገባት ክንዴን ያዘችኝ።

«ደወለች እንዴ?»

ለካ እሷም ስትጠብቅ ኖራለች። በየለቅሶው እያለቀሰች፣ ማታ ማታ ደግሞ ከእኔ ጋ የዚያን ስልክ ድምፅ ስትጠብቅ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ተስፋ ማየት አልቻልኩም፤ ወደ ማድጋዎቹ ዞርኩ።

«አልደወለችም» አልኳት።

የመጀመሪያውን ማድጋ አነሣሁ። በስብሷል። የቀጠለውም እንዲሁ። ከአጥሩ ሥር ያለውን ሳነሣ ግን ያዝ አደረገኝ፤ ከውስጥ የሆነ ነገር ተጣብቋል። ሚስቴ ተንበርክካ በሌላኛው በኩል ደገፈችልኝና ቀስ አድርገን አዞርነው። ዘንጉ ወጥቷል። የሚያድግበት ቢያጣ በማድጋው ውስጥ ዙሪያውን ተጠምጥሟል፤ እንደ ሻማ ነጭ ነው፣ አረንጓዴ የሚባል ነገር የለበትም። ጫፉ ላይ አብቧል። ቀለሙ ብዙ እንደታጠበ ጨርቅ የፈዘዘ ነው፤ ግማሹ ሸክላው ላይ ተለጥፎ ተጨፍልቋል፤ ጠርዙ መጥቆር ጀምሯል። እኛ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ዝናቡን ስንሰማ ይሄ ከሥር ብቻውን ሲያብብ ነበር።

ሚስቴ የተለጠፈውን የአበባ ቅጠል በጥፍሯ ከሸክላው አላቀቀችው።

«ደርሶ ነበር» አለች።

 እኔ ማልቀሴን ያወቅሁት ጢሜ ሲርስ ነው።

«ሄጄ ለዳኛው ልንገራቸው?» አልኳት። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ስልኩን መደቡ ላይ ተውኩት፤ ከኅዳር ወዲህ ያለ ስልክ ከቤት ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። የቅሬው ዳኛ ቤት ከመስጊዱ አለፍ ብሎ ነው። መስጊዱ ጋ እንኳ ሳልደርስ ከኋላዬ የሚስቴን ድምፅ ሰማሁ። አልጠበቀችኝም። በየደጁ ሴቶች ሥራቸውን እየጣሉ ሽቅብ ወደ እኛ ቤት መሮጥ ጀመሩ፤ በአጠገቤ ሲያልፉ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዳኛው በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን እያጠለቁ አገኘኋቸው፤ ምንም መናገር አላስፈለገኝም።